ችቦ፣ ጦርና ዝንብ፦ የሳልሞን አጠማመድ ሕግና ነውር በብሪታንያ ወንዞች

በደቡብ ስኮትላንድ የሚፈሰው የትዊድ ወንዝ በመኸር ሌሊቶች በእሳት ይደምቅ ነበር። በጀልባዋ ላይ የብረት ማንደጃ ይተከላል፤ ሬንጅ የጠጣ እንጨት ይማገድበታል። ብርሃኑ ውኃውን ሰንጥቆ እስከ ጠጠሩ ይወርዳል። አንዱ ጀልባዋን በረጅም ዘንግ እየገፋ በዝግታ ሲነዳ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ እግሩን አንፈራጦ፣ ባለ አምስት ጥርስ ጦር በሁለት እጁ ጨብጦ ቁልቁል ያፈጣል። ውኃ ዓይንን ያታልላልና ዓሣው ከሚታይበት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያልወጋ ይስታል። የለመደው ግን ክንድ የሚያህል፣ ሲቀናውም ከዚያ የሚበልጥ ሳልሞን በጦሩ ሰክቶ ያወጣል። ጦሩን ሊስተር፣ ሥራውን ደግሞ ‹‹ውኃውን ማቃጠል›› ይሉታል።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያቆየልን ዊልያም ስክሮፕ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ነው። በሜልሮዝ አካባቢ የትዊድን ውኃ ተከራይቶ ሲያጠምድ ኖሮ በ1843 (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለ ትዊድ ሳልሞን መጽሐፍ አሳተመ። እንደ ዴቪድ ዊልኪና ኤድዊን ላንድሲር ያሉ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሥራ ያጀበው፣ ለከበርቴ ቤት የተዘጋጀ ጥራዝ ነው። ስክሮፕ በዚህ መጽሐፍ ላባና ሐር በመንጠቆ ላይ ታስሮ ሰው ሠራሽ ዝንብ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ አለፍ ብሎ ደግሞ በችቦና በጦር ስለሚደረገው የሌሊት አደን በዚያው በጋለ ስሜት ይተርካል። አንዱ ጨዋነት ሌላው ነውር ነው የሚል ሐሳብ በአእምሮው ያለፈ አይመስልም። መጽሐፉ በወጣ በ14ኛው ዓመት ጦሩ ወንጀል ሆነ። ዛሬ በትዊድ ላይ ሊስተር ይዞ የሚገኝ ሰው በአጥማጆች ዘንድ የሚታየው እንደ ወንበዴ ነው። በእነዚያ ዓመታት ምን እንደተለወጠ ሰነዶቹን ተከትሎ ማየት ይቻላል።

ሳልሞንን የሚመለከት ሕግ በብሪታንያ ጥንታዊ ነው። በ1285 የወጣው ሁለተኛው የዌስትሚንስተር ድንጋጌ እንደ ሀምበር፣ ኡዝና ትሬንት ባሉ ወንዞች በምዕራባውያን ዘንድ የእመቤታችን ልደት ከሚከበርበት ከሴፕቴምበር 8 እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ኖቬምበር 11፣ ሳልሞን እንዳይያዝ ከልክሏል። ቅጣቱ በደረጃ ነበር፤ መጀመሪያ የጥፋተኛው መረብ ይቃጠላል፣ ሲደግም ሦስት ወር፣ ሲሠልስ አንድ ዓመት ይታሰራል። ስኮትላንድም በ1424 በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን የዕግድ ወቅት ደነገገች። እነዚህ ሕጎች በዋናነት የሚጠይቁት መቼ ተያዘ ብለው ነው። በምን ተያዘ የሚለው ገና ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

በመንጠቆ ስለማጥመድ በእንግሊዝኛ የታተመው የመጀመሪያ ድርሳን በ1496 ከዊንኪን ደ ዎርድ ማተሚያ ቤት ወጣ። በልማድ ዴም ጁሊያና በርነርስ ለምትባል ሴት ይሰጣል፤ ደራሲዋ እሷ መሆኗን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም። ድርሳኑ ሳልሞንን በወንዝ ከሚጠመዱት ሁሉ ባለ ግርማው ዓሣ ያደርገዋል፤ ግን በትል መያዙን ያለ ምንም ኀፍረት ይመክራል፣ በዝንብ የሚያዘውም ከስንት አንዴ ነው ይላል። የሥነ ምግባር ምክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በድኻ ሰው የግል ውኃ አታጥምድ፣ የሌላውን ወጥመድ አትክፈት፣ አጥር አታፍርስ፣ የከፈትኸውን በር ዝጋ፣ ከሚበቃህ በላይ አትያዝ ይላል። መጨረሻው ላይ አንድ አስገራሚ ኑዛዜ አለ። ድርሳኑ ለብቻው በትንሽ መጽሐፍ ቢታተም ሥራ ፈት ሁሉ በርካሽ ገዝቶት ዓሣውን ይጨርሳል ተብሎ ተሰግቶ፣ ሆን ተብሎ ከሌሎች ጋር ተጠርዞ ለመኳንንት በሚሆን ትልቅ ጥራዝ ውስጥ ገብቷል። ድኻውን የሚያስጠነቅቅ ሳይሆን ድኻው እንዳያነበው በዋጋ የተከለለ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ከዚያ በኋላ ባሉት 4 ምዕተ ዓመታት ደጋግሞ ይገጥመናል።

ወደ ትዊድ እንመለስ። የስክሮፕ ወዳጅ ሰር ዋልተር ስኮት ከ1799 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የሴልከርክሻየር ሸሪፍ፣ ማለትም የአውራጃው ዳኛ ነበር። እሱ ራሱ በችቦ ብርሃን ሊስተር ይዞ ጀልባ ላይ ወጥቷል። ገጣሚው ጄምስ ሆግ እንደተረከው አንድ ሌሊት ያረጀችው ጀልባቸው ውኃ ገብቶባት ስትሰጥም ስኮት ይስቅ ነበር። በ1815 ባሳተመው ‹‹ጋይ ማነሪንግ›› ልብ ወለድ ውስጥም የሌሊት ሳልሞን አደን ትዕይንት አለ። ታማኝ አገልጋዩ ቶም ፐርዲ መጀመሪያ ፊቱ የቀረበው ያለ ፈቃድ በማደን ተከሶ ነው፤ ስኮት አዝኖለት ቤቱ ቀጠረው። ስክሮፕም ቶምን በመጽሐፉ ውስጥ እንደ አጫዋች ባላገር ያቀርበዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሊስተር ትረካ የደረሰን ጊዜና ብራና ካላቸው ሰዎች ነው። ጦሩን ለመዝናኛ ሳይሆን ለክረምት ቀለቡ ያነሳ የነበረው እረኛ ወይም ሸማኔ ምን ይል እንደነበር የምንሰማው በከሳሾቹ አፍ፣ ወይም በጌቶቹ ቀልድ ውስጥ ብቻ ነው።

የጠቡ ሥር ያለው በዓሣው የሕይወት ጉዞ ውስጥ ነው። ሳልሞን የሚፈለፈለው በወንዝ ራስ ጠጠር ውስጥ ነው፤ አድጎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በባሕር ሰብቶ ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ከባሕር ሲገባ ብር የመሰለ፣ ሥጋው ስብ የጠጣ ነው። ወንዝ ከገባ በኋላ ስለማይመገብ ላይኛው ተፋሰስ ሲደርስ ከስቶና ጠቁሮ ነው። ስለዚህ ምርጡን ዓሣ የሚያገኘው ታች፣ ወንዙ ባሕር በሚገናኝበት መረብ የሚጥለው ነው። ላይኛው አገር ያለው ገበሬ ዓሣውን በብዛት የሚያየው በመኸርና በክረምት፣ ከሲታ ሆኖ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ሕጉ ‹‹አትንካ›› ባለበት ወቅት ነው።

ይህ ክፍተት የሰፋው በበረዶ ምክንያት ነው። በ1780ዎቹ ጆርጅ ዴምፕስተር የተባለ ስኮትላንዳዊ የፓርላማ አባል ቻይናውያን ዓሣ በበረዶ ጠብቀው እንደሚያጓጉዙ ከአሌክሳንደር ዳልሪምፕል ሰማ፤ ነገሩን ለሳልሞን ነጋዴዎች አስተላለፈ። ከዚያ በፊት ከስኮትላንድ ወደ ለንደን ይሄድ የነበረው ሳልሞን የተቀቀለና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ወይም ጨው የተነሰነሰበት ነበር። በረዶ ከገባ በኋላ በትዊድ አፍ፣ በበሪክ የተያዘ ዓሣ ትኩስ እንደሆነ ለንደን ገበያ ደረሰ። ዋጋው ከፍ አለ፤ የመረቡ ኪራይም አብሮ ናረ። የላይኛው ወንዝ ባለርስቶች በበኩላቸው ውኃቸውን ለዘንግ አጥማጅ ከበርቴዎች ማከራየት እንደሚቻል አወቁ፤ በኋላ ባቡር ሲመጣ ደንበኛው በዛ። የታችኛው ባለ መረብና የላይኛው ባለርስት በብዙ ነገር ተጣልተዋል፤ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። ሊስተሩ መጥፋት አለበት።

በ1857 እና በ1859 የወጡት የትዊድ ሕጎች ይህንኑ ፈጸሙ። ለእንግሊዝና ለዌልስ ደግሞ ሰር ዊልያም ጃርዲን፣ ዊልያም ጆሹዋ ፈነልና ጆርጅ ሪካርድስ ያሉበት አጣሪ ኮሚሽን በ1860 ተሾመ፤ በሪፖርቱም ላይ ተመሥርቶ የ1861ዱ የሳልሞን ሕግ ጸደቀ። ሕጉ የተከለከለውን መሣሪያ በስም እየጠራ ይዘረዝራል፤ ብርሃን፣ ጦር፣ እንዲሁም ዓሣው ሳይጎርስ ጎኑን ወይም ሆዱን ቦጭቆ የሚይዝ የመንጠቅ መንጠቆ አሉበት። ይህ የመጨረሻው ትኩረት ይገባዋል። ዓሣው በራሱ ፈቃድ አፉን ከፍቶ ካልያዘ አያያዙ ፍትሐዊ አይደለም የሚለው ሐሳብ ሕግ ሆኖ ቆመ። ቀኖቹን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። የዕግዱ ወቅት ከሴፕቴምበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ተብሎ ሲወሰን፣ በዘንግና በክር ለሚያጠምድ ግን እስከ ኖቬምበር 1 ተፈቀደ። ባለ መረቡ መረቡን ከሰቀለ በኋላ ባለ ዘንጉ ሁለት ወር ያህል ብቻውን ይቆያል። ዕንቁላል የተሸከመች ሴት ሳልሞን በኦክቶበር በጦር ብትሞት ጭካኔ፣ በዝንብ ብትሞት ስፖርት ሆነ።

ይህን ብሎ ሕጉን በሙሉ የመደብ ሤራ አድርጎ መዝጋት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። የዓሣ ዕንቁላልን ነገር እንይ። በ1650ዎቹ ቶማስ ባርከር ስለ ማጥመድ በጻፈው መጽሐፍ የሳልሞን ዕንቁላል በመንጠቆ ላይ ሲደረግ ትራውትን እንዴት እንደሚያስጎመጅ እንደ ትልቅ ምስጢር ገለጸ። ምስጢሩ ተዛመተ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጨው ታሽቶ በማሰሮ የታሸገ የሳልሞን ዕንቁላል ይሸጥ ነበር። ለዚያ ሲባል ዕንቁላሏን ልትጥል የደረሰች ሳልሞን፣ ሥጋዋ ለገበያ የማይረባ በሆነበት ሰዓት፣ ለሆዷ ብቻ ትገደላለች። ገዢዎቹ ደግሞ ጨዋ የተባሉት የዘንግ አጥማጆች ነበሩ። የ1861ዱ ሕግ ዕንቁላልን ለማጥመጃ መጠቀምንም ለዚሁ መሸጥንም ሲከለክል የነካው የድኻውን ጦር ብቻ አልነበረም። በጥልቅ ውኃ የሚዋኝ ዓሣን መውጋትና በጣት ጥልቀት ውኃ ጠጠር እየቆፈረች ያለችን እናት መውጋትም አንድ አይደሉም። ስክሮፕ የሚያወራልን ጀብዱ ሁለቱን ይቀላቅላል።

በዌልስ ግን ሕጉ ተቀባይነት አላገኘም። የዋይ ወንዝ ላይኛው ክፍል በሚገኘው በራያደር አካባቢ ሰዎች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው፣ አንዳንዶቹ የሴት ልብስ ለብሰው፣ በክረምት ሌሊት ችቦና ጦር ይዘው በቡድን ወደ ወንዙ ወረዱ። ራሳቸውን የርብቃ ልጆች አሉ፤ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ የመንገድ ቀረጥ ኬላዎችን ያፈረሰው የዌልስ ገበሬዎች እንቅስቃሴ ስም ነው። በተለይ ከ1870ዎቹ መጨረሻ እስከ 1880ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የወንዝ ጠባቂዎች ፊት ለፊት ሊገጥሟቸው አልደፈሩም። አቤቱታቸው ግልጽ ነበር። ዓሣው የሚራባው በእኛ ጅረት ነው፣ የሚበላው ግን ታች ባለ መረብና ከከተማ በመጣ ባለ ዘንግ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሕጉ ይዘጋል። የዘመኑ የአጥማጅ መጽሔቶች ‹‹አረመኔዎች›› ብለው ቢያልፏቸው አይገርምም። እኔ ከሁለቱም ወገን እውነት አይቼበታለሁ፤ አቤቱታው ትክክል ነበር፣ የሚገደሉት ዓሦች ግን የሚቀጥለው ትውልድ እናቶች ነበሩ።

ይህ የላይኛውና የታችኛው ወንዝ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የጣና ባርባስ ዓሦችም በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ፤ በወንዞቹ አፍ መረብ ይዘረጋላቸዋል፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ማስከርም የቆየ ልማድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 መርዝን ከልክሏል።

በብሪታንያ ጦሩ ከተወገደ በኋላ ክርክሩ በባለ ዘንጎቹ መካከል ቀጠለ። ዝንብ የበላይነቱን ይዞ ነበር። ያ ዘመን ያፈራው የሳልሞን ዝንብ የጌጥ ሥራ ነው፤ የደቡብ አሜሪካ ማካው፣ የእስያ ወርቃማ ፈዛንት፣ የአፍሪካ ሰጎን ላባ፣ ሐርና የብር ክር በአንዲት መንጠቆ ላይ ይታሰራሉ። ጆርጅ ኬልሰን በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን አሠራር እንደ ሥርዓተ አምልኮ በጥንቃቄ ደነገገ። ዝንቡ ግን በምድር ላይ ያለ የትኛውንም ዝንብ አይመስልም፣ ዓሣውም ወንዝ ውስጥ አይመገብም። ለምን ይይዘዋል? በንዴት፣ በልማድ፣ በልጅነቱ ትዝታ እየተባለ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንዲህ ከሆነ ትል ከዝንብ በምን ያንሳል የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን አጥጋቢ መልስ አላገኘም። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው በችግሩ ልክ ነው፤ ከባዱ መንገድ ክቡር ነው ይባላል። በ1884 የፐርዙ ዕቃ ሠሪ ፒተር ማሎክ ወደ ጎን የሚዞር መዘውር፣ በ1905 ደግሞ አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የማይሽከረከር ማጠንጠኛ ያለው መዘውር ሲያወጡ፣ ቀላል ማጥመጃን ሩቅ መወርወር ማንም የሚችለው ሆነ፤ ቅሬታውም ከዚያ ጋር ጨመረ።

በዚህ ጊዜ ነው ታሪኩ ሚስ ጆርጂና ባላንታይንን የሚያመጣልን። ኦክቶበር 7 ቀን 1922 አመሻሽ ላይ፣ በቴይ ወንዝ በካፑት አቅራቢያ፣ ከአባቷ ከጄምስ ጋር ጀልባ ላይ ነበረች። አባቷ የግሌንደልቫይን ርስት ጀልበኛ ነው። ስልቱ ሃርሊንግ ይባላል፤ ጀልበኛው ወንዙን ከዳር ዳር እያቋረጠ ቀስ እያለ ይቀዝፋል፣ ዘንጎቹ ከጀልባዋ ኋላ ተተክለው ክራቸው ወደ ታች ይንሳፈፋል። በእሷ መንጠቆ ላይ የነበረው ዝንብ ሳይሆን ትንሽ ዓሣ ነው። ሳልሞኑ ያዘ፤ ትግሉ ከ2 ሰዓት በላይ ቆየ፤ ጨለማ ውስጥ አባቷ በሜንጦ ጎትቶ አወጣው። 64 ፓውንድ፣ 29 ኪሎ ግራም ነበር። በብሪታንያ በዘንግ ከተያዙት ሁሉ ትልቁ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም። ዓሣው ፐርዝ በሚገኘው የማሎክ ሱቅ መስኮት ታየ፤ ከዚያ ለከተማው ሆስፒታል ተሰጠ። ራሷ እንዳወጋችው፣ መስኮቱ ፊት ከቆሙት ሰዎች መሐል ቆማ ሁለት ሽማግሌዎች ሴት ይህን ልትይዝ አትችልም ሲሉ ሰምታለች።

ሃርሊንግን የሚንቁ ዓሣውን የሚያጠምደው ቀዛፊው ነው፣ ዘንግ የያዘው ተሳፋሪ ነው ይሉ ነበር። ነቀፋው ከሞላ ጎደል እውነትነት አለው፤ ግን የወንዙን አልጋ ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቀው ጀልበኛ ስሙ በመዝገብ የማይገባበት ሥርዓት ውስጥ፣ ክብረ ወሰኑ ለአንድ ጀልበኛ ልጅ መድረሱ ለእኔ የሚያስከፋ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1924፣ ወይዘሮ ሞሪሰን በዴቨረን ወንዝ 61 ፓውንድ የሚመዝን ሳልሞን በዝንብ ያዘች። የሳልሞን ማጥመድ ጥበብ የወንዶች ነው ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱን ታላላቅ መዝገቦች የያዙት ሴቶች ናቸው።

ዓሣውን ስለመልቀቅ ማሰብ የመጣው ከአትላንቲክ ማዶ ነው። አሜሪካዊው ሊ ዉልፍ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ለስፖርት የሚጠመድ ዓሣ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዞ ሊቀር የማይገባው ውድ ነገር ነው ሲል ተከራከረ። በብሪታንያ ሐሳቡ ሥር እስኪሰድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1999 በእንግሊዝና በዌልስ ከጁን 16 በፊት የተያዘ ሳልሞን ሁሉ እንዲለቀቅ ተደነገገ፤ በዚያው ጊዜ ማጥመጃው ሰው ሠራሽ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በስኮትላንድ ከ2016 ጀምሮ ወንዞች በዓሣ ብዛታቸው በደረጃ ተመደቡ፤ በዝቅተኛው ደረጃ ያሉት ላይ መግደል ክልክል ሆነ፤ በባሕር ዳርቻ የሚጣለው መረብም ቆመ። የላይኛው ወንዝ ሰዎች ለዘመናት ያማርሩበት የነበረው መረብ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ የተነሳው ዓሣው ከተመናመነ በኋላ ነው።

ለትልም የዘገየ ፍርድ ተሰጠው። ዝንብን ሳልሞን በከንፈሩ ወይም በመንጋጋው ጠርዝ ይይዘዋል፤ ትልን ግን ጊዜ ወስዶ ይውጠዋል፣ መንጠቆውም ጉሮሮ ወይም ሆድ ውስጥ ይተከላል። ለሚበላ ዓሣ ይህ ልዩነት አልነበረውም። ሊለቀቅ ለሚገባው ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በትምክህት የተናቀው ትል ዛሬ በቂ ምክንያት አግኝቶ ተከልክሏል፤ በትዊድ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኖቬምበር 30 የሚፈቀደው ዝንብ ብቻ ነው።

መልቀቅ ራሱ ግን ጥያቄ አስነሥቷል። በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በስኮትላንዱ ሮዝሊን ተቋም በሬንቦ ትራውት ራስ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳዩ፤ ዓሣው ሕመሙን እንደ እኛ ያውቀዋል ወይ የሚለው ገና ሳይንቲስቶችን ያሟግታል። ስዊዘርላንድ በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከለከለች። የማትበላውን ለጨዋታ አታሠቃይ ማለቷ ነው። በአንዳንድ የስኮትላንድ ወንዞች አጥማጁ ዓሣውን ካልለቀቀ ይቀጣል፣ በስዊዝ ወንዝ ሊለቅ ብሎ ከመጣ ይቀጣል። ሁለቱም ሕጎች ስለ ዓሣው ሲሉ እንደተጻፉ ይናገራሉ።

በ2023 በስኮትላንድ በዘንግ የተያዘው ሳልሞን ከ33,000 አልበለጠም፤ በ1952 መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ዓመት ዝቅተኛው ነበር። ከተያዙት ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት ተለቀዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የብሪታንያን ሳልሞን ለመጥፋት ከተቃረቡት ተራ አሰፈረው። ዋናው ጥፋት የሚደርሰው ባሕር ውስጥና በተበከለ፣ በሞቀ ወንዝ እንደሆነ አብዛኛው ተመራማሪ ይስማማል። በጁን 2024 ወደ ኖርዌይ ወንዞች የተመለሰው ሳልሞን እጅግ በማነሱ የአገሪቱ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በወቅቱ መካከል 33 ወንዞችን ዘጋ። በዝንብም በትልም፣ ለመግደልም ለመልቀቅም ማጥመድ ቆመ፤ ጥቂቶቹ ወንዞች በኋላ በገደብ ተከፍተዋል።